በማን ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የምናየው?

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የወንጀል ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ስመጣ (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ ቤት አረፍኩ። ያገኘሁት ሥራ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ነበር። ጠዋት ስገባ ወንድሜና ባለቤቱ ሥራ፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄደው ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቀኛል። ሻይ አፍልቼ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፣ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ አበራለሁ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። «ሎው ኤንድ ኦርደር» በየትኛውም ሰዓት ከአንዱ ቻናል አይጠፋም ነበር። ባንክ ሄጄ ሒሳብ ለመክፈት የሚያስፈልጉኝን ቃላት ሳላውቅ «ዋራንት»፣ «አሊባይ»፣ «ኦብጀክሽን» የሚሉትን አውቄ ጨርሻለሁ።

ከቃላቱ ጋር ሌላም ነገር እየተማርኩ ነበር፤ መማሬን ግን አላወቅኩትም። አገር ቤት ሳለሁ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም። እዚህ የተወለደ ሰው ጠበቃ የሆነ አጎት ይኖረዋል፣ ጁሪ (ከተራው ሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ የሚፈርድ ሰው) ሆኖ ያገለገለ ጎረቤት ይኖረዋል፣ ትምህርት ቤት ስለ መብቱ ተምሯል። እኔ የነበረኝ ያ ስክሪን ብቻ ነው። ፖሊስ እንዴት እንደሚያስብ፣ ንጹህ ሰው ምን እንደሚመስል፣ ጥፋተኛ ሲጠየቅ ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ የማውቀው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሆናችሁ ነው። ድራማውን ተዉት ልላችሁ አይደለም፤ እኔም አልተውኩትም።

በ2014 የወንድሜ ልጅ 19 ዓመቱ ነበር። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ካሸር ነው። ከሚሠራበት ሬጅስተር ገንዘብ ጎደለ ተባለ። አንድ መርማሪ ደወለለትና «አልታሰርክም፣ ለጥቂት ጥያቄ ብቻ ብቅ በል» አለው። አባቱ ታክሲ ላይ ሆኖ ስልክ ስላላነሳለት ወደ እኔ ደወለ። በቤታችን ስለ ሕግ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ፣ ያን ሁሉ ክፍል ያየሁት እኔ ስለሆንኩ። «አክስቴ፣ ጠበቃ ልያዝ እንዴ?» አለኝ። የመለስኩለትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ያላጠፋ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል? ጠበቃ ይዘህ ከሄድክማ ይጠረጥሩሃል። ሂድና እውነቱን አስረዳቸው፣ እነሱ ያጣሩታል።»

ብቻውን ሄደ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ገንዘቡን ስትወስድ ካሜራው ቀርጾሃል አሉት። አልወሰድኩም አለ። እኛ አይተነዋል፣ አንተ ብቻ እመንልንና በቀላሉ እንጨርሰው አሉት። ልጁ ደከመው፤ ራሱንም መጠራጠር ጀመረ። በመጨረሻ «ምናልባት ስቆጥር ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ሳላውቅ ከራሴ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል» አለ። ሲወስድ የሚያሳይ ቪዲዮ አልነበረም። የተከሰሰው በዚያች «ምናልባት» ነው።

መንግሥት ጠበቃ አቆመለት። ጥቂት ወራት ቆይቶ «ጥፋተኛ ነኝ ካልክ እስር የለም፣ ፕሮቤሽን ብቻ» የሚል ድርድር መጣ፤ ፕሮቤሽን ማለት ሳይታሰሩ በቁጥጥር ሥር መቆየት ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ልጁ ነጻ የወጣ መስሎት እግዚአብሔርን አመሰገነ። የረዳን የጠበቃዋ አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ነው የያዘው?» በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓዲላ በሚባለው ጉዳይ፣ ጠበቃ የውጭ ዜጋ የሆነ ደንበኛውን ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመምከር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ስርቆት በገንዘቡ መጠን ትንሽ ቢሆን እንኳ ለግሪን ካርድ ያዥ ከባድ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ድርድሩን አልተቀበለም። ክሱ በተመሠረተ በ11ኛው ወር፣ በዚያ ሬጅስተር ኮድ ሌሎች ሠራተኞችም ይጠቀሙ እንደነበር ከመደብሩ መዝገብ ወጣና ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳ። ሁለት ሴሚስተር ግን ጠፍቷል። ሌሊት በኮሪደሩ ሲመላለስ እግሩን እሰማው ነበር።

ያቺን ምክር ከየት እንዳመጣኋት ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። እናቴ ለባለሥልጣን ብዙ አታውሩ ስትለን ኖራለች። ታዲያ የእናቴን ምክር ማን አስረሳኝ? በኋላ የድሮዎቹን ክፍሎች መልሼ ሳይ አገኘሁት። ተጠርጣሪው «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ሲል ሁለቱ መርማሪዎች ይተያያሉ። አንዱ ወንበሩን በንዴት ይገፋል። ጠበቃው ሲገባ ሱፉ ውድ ነው፣ ቦርሳው ያብረቀርቃል፣ ንግግሩ ሁሉ ማደናቀፊያ ነው። ተመልካቹ ልጇን የተነጠቀች እናት ሲቃ አሁን አይቶ ስለመጣ፣ ያ ጠበቃ እውነቱ እንዳይወጣ በር የሚዘጋ ሰው ሆኖ ይታየዋል። «ጠበቃ የሚጠይቅ ጥፋተኛ ነው» ብሎ በአፉ የተናገረ የለም። ትዕይንቱ ግን እንደዚያ ሆኖ ስለተሠራ፣ በመቶ ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ሳይነገረኝ ተነገረኝ።

ሌላም አለ። በድራማው ፖሊስ ሰው ሲይዝ ካቴናውን እያጠለቀ «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለውን ይደግማል። ሚራንዳ ይባላል፣ ከ1966 ፍርድ የመጣ ነው። እኔ ማንም ሲጠየቅ የሚነገረው መስሎኝ ነበር። ፖሊስ ይህን ለመናገር የሚገደደው ግን የተያዘን ሰው ሲጠይቅ ነው። የወንድሜ ልጅ «በፈቃዱ የመጣ» ስለነበር ማንም አላነበበለትም፣ ማንበብም አይገደዱም ነበር። ስለ ቪዲዮው መዋሸታቸውም በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 መርማሪ ስለ ማስረጃ ዋሽቶ ያገኘውን ቃል ተቀብሏል። ዝምታም ብቻውን አይበቃም። «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ በቃላቸው ይያዙ፤ ልጄ በ12 ዓመቷ ነው የያዘችው።

«ካላደረገው ለምን አደረግኩ ይላል?» የሚለው ጥያቄም ከድራማው የወረስኩት ነው። እዚያ የእምነት ቃል ማለት የታሪኩ መዝጊያ ነው፤ ሰውየው ያለቅሳል፣ ሙዚቃው ዝግ ይላል፣ ነገር አበቃ። በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በደረሰው ጥቃት ወጣቶቹ ጥፋቱን ያመኑት ገና ልጆች ሳሉ ነበር። በ2002 ዲኤንኤው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘና ፍርዱ ተሰረዘ። በአሜሪካ ከ1989 እስከ 2020 በዲኤንኤ ነጻ ከወጡት 375 ሰዎች ውስጥ 29 በመቶ በሚሆኑት ጉዳይ የሐሰት የእምነት ቃል ነበረበት። ይህን ቁጥር ሳነብ የወንድሜ ልጅ የተቀመጠበት ክፍል ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

ከዚያ ነገር በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ የወንጀል ድራማ አላየሁም። ማቋረጥ የፈወሰኝ መስሎኝ ነበር። በ2018 ግን የጁሪ መጥሪያ ደረሰኝ፤ ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ የመጀመሪያዬ ነው።

የካውንቲው ፍርድ ቤት ያለው ሮክቪል ነው። ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፈው ብዙ ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ቤት የሚያድሱ ሰዎችን ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ተመርጬ ከአሥራ ሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ጉዳዩ ከአንድ ጋራዥ ሌሊት ስለተሰረቁ የሥራ ዕቃዎች ነበር። ተከሳሹን ለብዙ ዓመት የሚያውቅ ጎረቤት በመንገድ መብራት ሥር አየሁት ብሎ መሰከረ። ከዕቃዎቹ የተወሰኑት በተከሳሹ ዘመድ ቤት ተገኝተዋል። የመጣው ፖሊስ ከማስታወሻው እያነበበ፣ ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል ተናገረ። ጠበቆቹ አልጮሁም። ዳኛዋ ጠበቆቹን ወደ ችሎቱ ጠርታ በሹክሹክታ ስታነጋግር እኛ ብዙ ደቂቃ ጣራ ጣራ እያየን ጠበቅን።

ለምክክር ወደ ክፍላችን ስንገባ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፦ «አሻራ የለም። ዲኤንኤ የለም። እንዴት ብለን ነው የምንፈርደው?» አንድ ትልቅ ሰውዬ ከማዶ ሆነው ደግሞ «ፖሊስ ዝም ብሎ ሰው አያመጣም፤ እዚህ ከደረሰ አንድ ነገር አለ» አሉ። አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ሁለታችንንም አዳምጣ ሳትቆጣ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ሁለታችሁም ይህን የምታውቁት ከየት ነው?» ሰውየው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የእኔን ከየት እንዳመጣሁት በደንብ አውቀዋለሁ። «ሲ ኤስ አይ» የሚባለው ድራማ በጥቅምት 2000 ሲጀምር ያመጣው ነው፦ በእጅ ባትሪ የሚፈለግ ፀጉር፣ ኮምፒውተር ላይ በፍጥነት እየተገላበጡ በመጨረሻ ቀይ ምልክት የሚወጣባቸው ፊቶች። እኔ በፊቴ ያለውን ምስክር መመርመር ትቼ የሌለውን ማሽን ፍለጋ ገብቼ ነበር። ሰውየው በበኩላቸው ከሌላ ድራማ፣ የተያዘው ሁሉ በመጨረሻ ጥፋተኛ ከሚሆንበት የመጡ ነበሩ። ሁለታችንም የዳኛዋን መመሪያ በጆሯችን ሰምተን በሌላ መመሪያ ነበር የምንፈርደው።

ነርሷ ወረቀት አወጣችና «የተነገረን ምንድን ነው? ያልተነገረን ምንድን ነው? ያልተነገረን ስለሌለ ነው ወይስ ስላልተፈለገ?» እያለች ሁለት ቀን ሙሉ አስኬደችን። በከባዱ ክስ ነጻ አልነው፤ በቀላሉ ጥፋተኛ አልን። ዛሬም ስለዚያ ውሳኔ እንቅልፌን አላጣም፤ የተወሰነው በቀረበልን ነገር ላይ ነውና።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ከእኔ እንዳልጀመረ አየሁ። በሚሺጋን ዋሽተናው ካውንቲ ዳኛ የነበሩት ዶናልድ ሸልተን በ2006 ለጁሪ የተጠሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ጠይቀዋል። 46 በመቶዎቹ በማንኛውም የወንጀል ጉዳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሚጠብቁ ተናገሩ፤ 22 በመቶው በማንኛውም ጉዳይ ዲኤንኤ ይጠብቃሉ። ዳኛው ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ጨምረዋል፦ «ሲ ኤስ አይ»ን የሚያዩት ብዙ ቢጠብቁም፣ በአብዛኛው ከማያዩት የተለየ ፍርድ አልሰጡም። ስለዚህ ድራማው ሰውን ያጃጅላል ብሎ መደምደም አይቻልም። ጉዳዩ በራሳችን ሜሪላንድም ተነሥቷል። አንድ ዳኛ የጁሪ ዕጩዎችን እንዲህ ዓይነት ድራማ አይተው ያለ ሳይንሳዊ ማስረጃ መፍረድ ይከብዳቸው እንደሆነ በሚያዘነብል መንገድ ጠየቁ፤ በ2010 የግዛቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥያቄው ራሱ ጁሪውን ወደ ጥፋተኝነት ይገፋል ብሎ ፍርዱን ሻረው። ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። አሻራ የለም ብሎ መጠየቅ በራሱ ስህተት አይደለም፤ የእኔ ስህተት ሌላ ነገር አለማየቴ ነበር።

በአያቶቻችን ዘመን «ሌባ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጡትና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ ይከተለዋል፤ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ነው። ባለቤቱ ምን ቢል የሚሰማው የለም፣ ልጁ ገብቷላ! እኔ ያቺን ቀይ ምልክት የምታወጣ ኮምፒውተር ሳይ የነበረኝ እምነት ይህንኑ የሚመስል ነበር። ሳይንሱ ከሌባ ሻይ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዲኤንኤ ብዙ ንጹሐንን ከእስር አውጥቷል። ግን በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ዘገባ፣ ከኑክሌር ዲኤንኤ (ከሴል አስኳል ከሚገኘው) በስተቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር ያለ ጥርጥር ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ የተረጋገጠ የፎረንሲክ (የወንጀል ማስረጃ ምርመራ) ዘዴ የለም ብሏል። በ2015 ኤፍ ቢ አይ የፀጉር መርማሪዎቹ በተመረመሩት ፍርዶች ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት የተሳሳተ ነገር እንደመሰከሩ አምኗል። በ2004 ደግሞ ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በተገኘ አሻራ ሰበብ አንድ የኦሪገን ጠበቃ ታስሮ፣ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን የስፔን ፖሊስ ሲያረጋግጥ ተለቋል፤ ይቅርታም ተጠይቋል። ድራማው ውስጥ ማሽኑ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም ነበር።

ትልቁን ነገር ያሳየችኝ ልጄ ናት። በ2021፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ ትምህርት ቤታቸው ሚዲያ ሊትረሲ (ሚዲያ የሚያሳየንን መርምሮ ማየት) የሚባል ትምህርት ነበራት። አንድ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ «ሎው ኤንድ ኦርደር» ጀመረ። በ1990 ከተጀመረ አንስቶ ድራማው የሚከፈተው በአንድ ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ሕዝቡን የሚወክሉ እኩል አስፈላጊ የሆኑ ሁለት ወገኖች አሉ ይላል፦ ወንጀሉን የሚመረምሩት ፖሊሶችና አጥፊዎቹን የሚከሱት ዐቃብያነ ሕግ። ከዚያ «ታሪኮቻቸው እነዚህ ናቸው» ይልና ይጀምራል። መቼም ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ልጄ «ማሚ፣ ሦስተኛውስ ወገን?» አለችኝ። «የምን ሦስተኛ?» «ተከላካይ ጠበቃው። ተከሳሹ። የት ሄዱ?» ትንሽ ቆየችና ደግሞ «አጥፊዎቹን ይላል እኮ፣ ገና ሳይፈረድባቸው» አለች።

ያን ማታ ድራማውን አልሰማሁትም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በማን ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደማይ አላወቅኩም ነበር። ካሜራው ከመርማሪው ጋር በር ይገባል፣ ከመርማሪው ጋር መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲደክመው ቤቱ ይከተለዋል። ተከሳሹን የምናየው ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ ነው። ቤቱ ሄደን አናውቅም፣ እናቱ ሌሊት በኮሪደር ስትመላለስ አልሰማንም። የወንድሜ ልጅ ሲጠራ እኔ ምክር የሰጠሁት ከመርማሪው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

እንዲህ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። በ1951 ቴሌቪዥን ላይ የወጣው «ድራግኔት» ለኋለኞቹ የፖሊስ ድራማዎች መንገድ የጠረገ ነው፤ የተሠራው ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ ጋር በትብብር ሲሆን ፖሊሶቹ ጽሑፎቹን እያዩ ያጸድቁ ነበር። መኪናውን፣ መለያውን፣ እውነተኛውን ጉዳይ የሚሰጥህ አካል በታሪኩ ላይ ድምፅ ይኖረዋል። ይህን ማወቄ ጸሐፊዎቹን እንድጠላ አላደረገኝም፤ ማን አጠገባቸው ቆሞ እንደነበር እንዳስብ ነው ያደረገኝ።

ስለ ፍርሃትም አንድ ነገር ልበል። ልጄን አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሆናት ብቻዋን አውቶቡስ አላሳፈርኳትም። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆርጅ ገርብነር ብዙ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ዓለምን ከእውነቱ የከፋች አድርጎ እንደሚያይ ለዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። በኤፍ ቢ አይ ቆጠራ ከ1993 እስከ 2022 በአሜሪካ የኃይል ወንጀል መጠን በ49 በመቶ ወርዷል፤ ሕዝቡ ሲጠየቅ ግን በአብዛኞቹ ዓመታት ወንጀል ከአምናው ጨምሯል ነበር የሚለው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ።

አሁን እንዴት እንደምናይ ልንገራችሁ። ሕግ አላወጣንም፣ ቀስ በቀስ ልማድ ሆኖ ነው። ሰዓት እናያለን። የአንድ ሰዓት ድራማ ማስታወቂያው ሲወጣ 42 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በ15ኛው ደቂቃ የተያዘ ሰው ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም፣ ቀሪው ጊዜ በምን ይሞላል? ልጅ ሳለን ወንድሜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ይወስደኝ ነበር፤ እዚያ የተቀመጠው ሕፃን ሁሉ «አክተሩ አይሞትም» ይላል። ያኔ ማንም ሳያስተምረን የታሪኩን አሠራር አውቀን እንፈርድ ነበር። ያቺ እውቀት እንግሊዝኛ ስማር ከእኔ ጠፍታ ነበር፣ አሁን ተመልሳለች።

አንዳንዴ ድምፁን እናጠፋለን። ይህንን ዛሬውኑ ሞክሩት። ተጠርጣሪው ሲጠየቅ ድምፁን ዝጉና ፊቱን ብቻ እዩ። ከሙዚቃው ጋር «ይኸው፣ ዋሸ» ያልኩለት ፊት ያለ ሙዚቃ የፈራ ሰው ፊት ነው። ሁለቱን የሚለየው ገጽታው ሳይሆን ከበስተጀርባ ያለው ከበሮ መሆኑን ማየቴ ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። በየትኛውም ድራማ የእኛን የመሰለ ሰው ሲገባም እናስተውላለን። ታክሲ ነጂ ነው? ስም አለው? ከአንድ ትዕይንት በላይ ይኖራል? እንግሊዝኛው የተሰባበረው ለምንድን ነው? ልጄ በዚህ ላይ ከእኔ የበለጠ ትቆጣለች፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የእኔ ትዕግሥት የላትም፣ ባይኖራትም ደስ ይለኛል።

የማይታየውንም እንጠይቃለን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንደጠቀሰው በፌዴራል ደረጃ ከሚሰጡት የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ በግዛቶች ደግሞ 94 በመቶው የሚገኙት ተከሳሹ ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ነው። በድራማ የምናየው ያ ትልቅ ክርክር ከመቶ የጥቂቶቹ ታሪክ ነው። የወንድሜ ልጅ 11 ወር የጠበቀው፣ ቀጠሮ የተላለፈበት፣ ወንድሜ የሥራ ቀን እያጣ በኮሪደር የቆመበት ለ42 ደቂቃ አይመችም። ስለዚህ ልጄን አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት ፍርድ ቤት ወሰድኳት። አብዛኛው ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ ኋላ መቀመጥ ትችላላችሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው ተጠርቶ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ደርሶት ሲወጣ አየን። ስንወጣ ምንም አላወራችም፤ መኪና ውስጥ ስንገባ «ሁሉም ደክሞታል፣ ዳኛውም ጭምር» አለች። ከማንኛውም ድራማ ይህ ጠዋት ይበልጥ አስተምሯታል።

እንዲህ ማየት ደስታውን አያጠፋውም ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔን አላጠፋብኝም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ድሮ መጨረሻውን ነበር የምጠብቀው፣ አሁን አሠራሩ ደስ ይለኛል። «ዘ ዋየር»ን በዚህ ዓይን ነው ያየሁት። ከ2002 እስከ 2008 የተላለፈ፣ ከእኛ ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር የተሠራ ድራማ ነው፤ የቀድሞ የባልቲሞር ጋዜጠኛ ዴቪድ ሳይመንና የቀድሞ መርማሪ ፖሊስ ኤድ በርንስ ናቸው የጻፉት። አንድ ምርመራ ሙሉ ሲዝን ይፈጃል፤ ካሜራው በሁለቱም ወገን ወንበር ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዝግ ይላሉ፣ ታገሱት። ቋንቋውና ትዕይንቱ ለልጆች አይሆንም።

እናቴ አዲስ አበባ ናት። በስልክ ስናወራ በቴሌቪዥን የፖሊስ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ተጠርጣሪ አይታ «ፊቱን ብታዪው፣ ሌባ መሆኑ ያስታውቃል» ትለኛለች። «እማዬ፣ ተፈርዶበታል?» እላታለሁ። «ኧረ ገና ነው መሰለኝ» ትላለች። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ በክስ ሂደት ላይ ያለ ሰው እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይከለክላል። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲህ ከሆነስ ፊቱን ለምን ያሳዩናል?» አለችኝ። 78 ዓመቷ ነው።

የወንድሜ ልጅ አሁን 30 ሞልቶታል። ኮሌጁን ጨርሶ የመብራት ሥራ ይሠራል፤ በቅርቡም ዜጋ ሆኗል። እንዲህ ዓይነት ድራማ ብዙም አይወድም፣ ስንከፍት ወጥ ቤት ገብቶ ቡና ሲያፈላ እናገኘዋለን። ባለፈው ፋሲካ ግን አብሮን ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ አንድ ወጣት ልጅ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ገባ። መርማሪው ጣሳ ኮካ ጠረጴዛው ላይ አደረገለትና «አልታሰርክም፣ ለጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው» አለው። የወንድሜ ልጅ ሪሞቱን ከልጄ እጅ ወስዶ አቆመው።

«እዚህ ጋ ነው መናገር ያለበት» አለ። «አሁን፣ ጣሳውን ሳይከፍት።»

«አይልም» አለችው ልጄ። «ገና 30 ደቂቃ ይቀራል።»

ለጥቂት ጊዜ የቆመውን ፊት አየው። ከዚያ ሪሞቱን ተጫነ፤ ልጁ ኮካውን ከፍቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ማስረዳት ጀመረ።